የአባቴ ብርቱካናማ ኮከብ

አባቴ ዓብዱልሀሚድ የወሎ ሰው ነው፤ ቂርቆስ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። ረመዳን ሊገባ ሲል ሰፈሩ ጨረቃዋን የሚጠብቀው ከእሱ ጋር ነው። አብሮት ማየት የፈለገ ግን መጀመሪያ ይፈተናል። ከማታው የዒሻ ሶላት በኋላ ግቢያችን ያቆመውና አንዲት ፈዛዛ ብርቱካናማ ኮከብ ያሳየዋል። እሷን ያላየ ስለ ጨረቃ አይመሰክርም፣ በቃ።

እኔ ልጁ ሀፊዛ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ አፌም አያርፍም። "አባዬ፣ ኮከብህ እኮ ከፀሐይ በብዙ ትበልጣለች። ብርቱካናማ የሆነችው ገጿ ከፀሐይ ቀዝቀዝ ስላለ ነው፤ የፈዘዘችው ደግሞ በጣም ስለራቀች" እለዋለሁ።

"እሺ የኔ ሊቅ" ይለኛል።

አምና ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር አንድ ምሽት አንጋጦ ብዙ ቆየና፣ "ሀፊዛ፣ ጠፋችብኝ። ዓይኔን ሐኪም ይየው ይሆን?" አለኝ። እኔም ፈለግኋት፤ አጣኋት። ከካዛንቺስ በኩል አዲሱ የመንገድ መብራት ሰማዩን አንጥቶታል።

"ዓይንህ ምንም አልሆነ። ደካማ ኮከብ በዚህ ሁሉ መብራት አትታይም፤ እኔስ መቼ አየኋት?" አልኩት። ደስ አለው። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው።

የዚያን ዓመት ጨረቃዋን ጎረቤታችን ሙክታር ቀድሞት አየ። አባቴን "ደመና ጋርዶህ ነው" አልኩት። ከበር መቃን ጋር ሲጋጭም "እርጅና ነው" አለ፤ እኔም አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ዓይኑ ደህና ነው ብዬ አንዴ ፈርጃለኋ።

ዘንድሮ ሻዕባን ሲገባ አንድ ምሽት መብራት ሄደ፤ ከእኛ ሰፈር እስከ ካዛንቺስ ድቅድቅ አለ። ግቢ ወጥቼ ቀና ስል ኮከቧ ብርቱካናማ ሆና ቁጭ ብላለች። ሮጬ አባቴን አመጣሁትና በጣቴ አሳየሁት። አንጋጦ ብዙ ፈለጋት።

"አሁንም መብራቱ ነው?" አለኝ።

ክንዱን ይዤ ወደ ቤት አስገባሁት።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ዶክተር ጃለኔ ረጅም ሰዓት መረመረችው። "የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን። አምና ቢመጡ ብዙው ይተርፍ ነበር። ምነው ዘገዩ?" አለችው።

ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

"ልጄስ ሂድ ሂድ ብላኝ ነበር። እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ" አላት።

"ከእንግዲህ ልጅዎን ይስሟት" አለችው።

"እሺ" አለ አባቴ።