የለቀቀ ሰው አድራሻ

አሶሳ ውስጥ ቤት የሚታወቀው በሰው ነው። መርጋ ወደ ኩርሙክ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሦስት ተከራይ ተቀያይሯል፤ ቤቱ ግን ዛሬም «መርጋ ቤት» ነው። ለመርጋ የተላከ ማር ስንቴ የማያውቀው ሰው በልቶታል!

የቢሯችን ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። የቤት ይዞታ ወረቀት የሚያትመው ፕሮግራም እኔ ሳልወለድ በነበረ፣ አር ፒ ጂ በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ነው። ፕሮግራሙ የባለቤቱን ስም ራሱን አይይዝም፤ ስሙ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠበትን ቦታ አድራሻ ብቻ ይይዛል። አድራሻ ያዡን ጠቋሚ እንለዋለን። የጻፈው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፕሮግራሙ ቦታውን መጀመሪያ እንዲለቅ፣ በኋላ እንዲያትም አድርጎታል። ወረፋ ሲበዛ በመሃል የቀጣዩ ባለጉዳይ ስም እዚያው ቦታ ይገባል። ጠቋሚው ምን ቸገረው፤ «መርጋ ቤት» እያለ ያንኑ በር ያንኳኳል።

ዓዲላ ቤቷን ያጣችው በዚህ መንገድ ነው። ሽንኩርት ሸጣ የሠራችው ባለሁለት ክፍል ቤት ከኋላዋ በተሰለፈው በነጋዴው ዐብዱልቃድር ስም ታተመ። ዐብዱልቃድር ደግ ሰው ነው፣ በማግስቱ ሊመልስ መጣ፤ ቢሮው «በስምህ ነው» ብሎ መልሶ አሸከመው። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ወረቀት የሌለው ቤት ይፈርሳል ተብሏል።

ኃላፊያችን አቶ ይገረም «ማሽን አይሳሳትም። ኮሚቴ ይየው። ሐሙስ ተመለሺ» አሏት። ሦስት ሐሙስ ተመላለሰች።

«መጀመሪያ ማተም፣ ከዚያ መልቀቅ፣ የተለቀቀውንም አድራሻ ባዶ ማድረግ ነው» አልኳቸው። «ያኔ ፕሮግራሙ ቢስት እንኳ አድራሻ የለኝም ብሎ ይቆማል እንጂ የሰው ቤት ለሰው አይሰጥም።»

«ይቆማል?» አሉ ደንግጠው። «ሪፖርቱ ላይ ‹ያለማቋረጥ› ብለን ጽፈናል እኮ፣ ጋዲሴ!»

ይዋሽ እንጂ አይረፍ ማለታቸው ነው። ብለምናቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

አራተኛው ሐሙስ ወረፋው ከበረንዳው አልፎ ነበር፤ ዓዲላ አንደኛ ናት። አቶ ይገረም ለአዲሱ ፎቅ ቤታቸው ወረቀት ፈልገው «አንድ ደቂቃ ነው» ብለው ከፊቷ ገቡ። ከኋላቸው ማን እንዳለ አየሁ። ዝም ብዬ አተምኩ።

እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ። ማኅተም ተመታ። የመዝገብ ቤቷ ጠጂቱ ወረቀቱ ላይ ያየችውን ስም ጠራች፤ «ዓዲላ!»

ዓዲላ ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበች። «ይሄ ቤት ፎቅ አለው» አለች። «የኔ ቤት ፎቅ የለም።»

አቶ ይገረም ሊነጥቋት እጃቸውን ሰደዱ። እሷ ወረቀቱን አጥፋ ከለበሰችው ቶብ ሥር ከተተችው።

«ማሽን አይሳሳትም። ወላሂ፣ አንተ ነው ያለው» አለች። «ኮሚቴ ይየው። ሐሙስ ተመለስ።»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። አቶ ይገረም «አቁሚው! አሁኑኑ!» አሉኝ። ከፕሮግራሙ ሦስት መስመር ቀየርኩ፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የእሳቸውን ላትም ስል ዓዲላ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ወረፋው የኔ ነው።»

የዓዲላን አተምኩ። ባለሁለት ክፍሉ ቤት በገዛ ስሟ ወጣ። አቶ ይገረም ብዕራቸውን አንስተው ተመልሰው አስቀመጡት፤ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ከዚያም፣ እኔ እዚያ ቢሮ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንብበው ፈረሙ።