ቅዳሜ ሺፍት አለህ ወይ

ሦስተኛውን ገጽ ግን አልገልጥም፣ ይግለጡት እነሱ፣ ሙዚየሙ በር ላይ ለእያንዳንዳችን ትንሽ ደብተር አድለውናል፣ በዓለም ጦርነቱ የአይሁዶች እልቂት ዘመን የነበረ የአንድ ሰው ታሪክ፣ የእኔዋ ሔለና ትባላለች፣ ልብስ ሰፊ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ገጽ አንድ ከጦርነቱ በፊት፣ ገጽ ሁለት ሲወስዷት፣ ገጽ ሦስት ተረፈች ወይስ ሞተች። የክፍሌ ልጆች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መጨረሻውን አይተው ጨርሰዋል። የኔ ተርፏል ይላል ኬቨን፣ ያንተስ መርዕድ? አላየሁም። መርዶ እንዲህ ይሰማል እንዴ፣ ቆሞ፣ ከወረቀት ላይ፣ ማስቲካ እያኘኩ።

የእኔንስ መርዶ። ሳምንቱን ሙሉ የቸርቻችን ሰው ሁሉ ያውቃል እኔ ብቻ አላውቅም፣ አይ፣ አውቃለሁ፣ እሁድ አገር ቤት፣ ናዝሬት ደወልኩ፣ እማዬ ስልክ የላትም፣ የሚጠሩልኝ ጎረቤታችን እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው፣ የዚያን ለት ግን እናትህ ፀበል ገብታለች አሉኝ። ፀበል። እማዬ ጴንጤ ከሆነች አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እሳቸው ራሳቸው ፀበል ካልወሰድኩሽ እያሉ ስንቴ ተጣልተዋታል፣ ሲጨንቃቸው ለኦርቶዶክስ ሰው የሚዋሸውን ውሸት ዋሹልኝ። ልቤ ያኔውኑ ነገረኝ።

ሰኞ የቸርቻችን ልጅ ምሥራች ወጥ ይዛልኝ መጣች፣ ዓይኔን ሳታይ ሄደች፣ ማክሰኞ የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሼ ወልደየስ ደወሉ፣ ቅዳሜ ሺፍት አለህ ወይ? የለኝም ጋሼ፣ ሥራ አልገባም። ጠዋት ቤት ነህ? ነኝ። ጎሽ፣ በል ደህና አድርገህ ብላ። ኧረ ጋሼ፣ ልጅ መሰልኩዎት፣ አምና መርዶ ልንነግረው የፀጋዬን በር ከንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ስናንኳኳ ከኋላዎ ቆሜ አልነበረም ወይ፣ ሺፍት አለህ ወይ ብዬ ቀድሜ የጠየቅኩትስ እኔ አይደለሁ። ተናድጃለሁ፣ በገዛ እናቴ የመጨረሻው ሰሚ እኔ፣ ከዚህ ስወጣ ኮል አድርጌ እንደ ትልቅ ሰው ንገሩኝ እላቸዋለሁ፣ የስልኩ ሳንቲም ኪሴ ውስጥ ነው።

ጫማዎች፣ ሻንጣዎች፣ የመታሰቢያው ግድግዳ፣ ስም በስም ላይ። አስጎብኚዋ አሮጊት ናቸው፣ አጠገቤ ይቆማሉ፣ ለምን አልገለጥከውም? እናቴ የሞተች ይመስለኛል እላቸዋለሁ፣ ለምን እንደነገርኳቸው እንጃ፣ አምስት ቀን ሙሉ ከአፌ ያላወጣሁትን። እሳቸውም፣ እኔ ከጦርነቱ በኋላ የእናቴን ሞት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ዝርዝር ነው ያነበብኩት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ዞር ስል የማውቀው አንድም ሰው የለም።

የሕዝብ ስልኩ በሩ አጠገብ ነው፣ ሳንቲሙን እይዛለሁ፣ አልደውልም።

አውቶቡሱ፣ በረዶው፣ ስንት ይሆናሉ ነገ ጠዋት የሚመጡት፣ ጋሼ ከነባለቤታቸው ከኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር፣ ምሥራች፣ ፀጋዬማ አይቀርም፣ ሰባት ስምንት ሰው፣ ከምድር በታች ባለችው ቤዝመንቴ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ። ፎቅ ወጥቼ የአከራዬን በር አንኳኳለሁ፣ እስከ ነገ ቅዳሜ ወንበር ታውሺኛለሽ? ፓርቲ አለህ እንዴ? እንግዶች ናቸው፣ በጠዋት። አልዋሸሁም። አንድ በአንድ አወርዳለሁ፣ ግድግዳውን ተከትዬ እደረድራለሁ፣ የእኔ የትኛው ይሁን፣ መሀል ያለው፣ ፀጋዬን ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘን ያስቀመጥነው መሀል ነበር፣ ብቻዬን ነኝ፣ እጅግ ብቻዬን ነኝ፣ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ፣ ሔለናን ሳልገልጣት ትራሴ አጠገብ አስቀምጣታለሁ፣ እሷም ሰው እስኪመጣ ትቆይ፣ በሩን አልቆልፈውም፣ እማዬ እስኪነጋ ፀበል ናት