ውሃ የሚጠይቀው በቀቀን

ባሌ ተፈራ ከሞተ በኋላም ውሃ ያዘኛል። የሚያዘኝ በበቀቀኑ አፍ ነው።

«ውዴ! ውሃ!»

ቁርጥ የሱ ድምፅ። በስደት በመጣንበት አገር፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሲጮህ፣ ከታች አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ፀሐይ ስትወጣ ይጮሃል፣ ስትጠልቅ ይጮሃል፤ በመሃል ደግሞ ተፈራን ይሆናል።

ወፉን የሰጡት፣ ጡረታ ሲወጣ የፋብሪካ ጓደኞቹ ናቸው። አያምርም አልልም፤ ማማሩ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ራሱና ደረቱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ክንፉ ላይ ቢጫ፣ ከቢጫው በታች ሰማያዊ፣ ጅራቱ ከገላው የረዘመ። ፊቱ ላባ የለውም፤ ነጭ ቆዳ ነው፣ ሲቆጣ ይቀላል። ለውዙን በግራ እግሩ ይዞ በዚያ ቆልማማ መንቁሩ ይሰብርና ቅርፊቱን ወለል ላይ ይበትናል። ጠራጊዋ እኔ ነኝ።

እነዚህ ወፎች አንድ ሰው ይመርጣሉ አሉ። ይሄኛው ተፈራን መረጠ። ትከሻው ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን በመንቁሩ ሲያበጥርለት ይውላል፣ ተፈራም ሲያጫውተው። ለኔ ጨዋታ የለም፤ «ውዴ! ውሃ!» ብቻ። እሱ በስሜ ይጠራኛል፤ እኔ ደግሞ ባልን በስም መጥራት ነውር በሆነበት አገር ነው ያደግሁት። አንቱ እያልኩ፣ እየሮጥኩ ኖርኩ። ቧንቧው ከኔ ይልቅ ለሱ ይቀርብ ነበር።

ሲሞት ወፉ የደረቱን ላባ ነጨ፤ ቆዳው እስኪታይ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አይ ፍቅር!» እያለ ከበረንዳው አልነቃነቅ አለ። ልጆቹን የወለድኩለት፣ በሕመሙ ያገላበጥኩት እኔ እዚያው ቁጭ ብያለሁ፤ የሚደነቀው ወፍ!

ልጄን አሞስን «ይሄን ነገር ከፊቴ አንሳልኝ» አልኩት። ወፍ የሚያረባ ኦሃድ የሚባል ሰው ይዞልኝ መጣ፤ ሰውየው መውሰጃ ሳጥን ይዟል።

«ኢማ፣ ቶቭ፣ እሺ ይሂድ» አለ አሞስ፣ እንደ ልማዱ አማርኛውን ከዕብራይስጥ እየቀላቀለ። «ግን የአባን ድምፅ እኮ ነው የምትሰጪው።»

«ጠግቤዋለሁ!»

ኦሃድ የሽቦ ቤቱን በር ከፈተ። ወፉ የተነጨ ደረቱን ነፍቶ ጮኸ፦ «ውዴ! ውሃ!»

እኔ ትንፍሽ አላልኩም። መልሱ ግን መጣ። ከዚያው ከመንቁሩ፣ በቀጭን፣ በተጣደፈ ድምፅ፦

«አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ!»

አሞስ በሳቅ ፈረሰ። «ኢማ፣ አንቺ ነሽ እኮ!»

አዎ፣ እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ። እንዲህ ነበር የምመልሰው? ይሄ ወፍ የሰው ዕድሜ ይኖራል። እኔ ከተቀበርኩ በኋላ እንኳ በባዕድ ቤት «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሰኘኝ ሊያሮጠኝ ነው!

የሽቦ ቤቱን በር በኦሃድ ፊት ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።

«አይሄድም።»

«ለምን?» አለ አሞስ።

«ሌላ መልስ ሳይማር ከዚህ ቤት አይወጣም!»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ውዴ! ውሃ!»

«ተነስተህ ቅዳ!» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ደገምኩለት።