የዱላባይ ባንክ

ማክሰኞ ጠዋት ነው ሥራ ከማገኝበት ድረ ገጽ ማስታወቂያው የመጣው፤ የስልሳ ጥንድ ሰንደል ጫማ ፎቶ እየቆረጥኩ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው። ውጭ አገር ያለ ባለሱቅ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያነሳል፣ እኔ እዚህ ናቶር፣ መንደራችን ተቀምጬ ጠረጴዛውን አጠፋለሁ፣ ጫማው ነጭ ላይ ብቻውን ይቀራል። ሰንደል ማሰሪያው ስለሚበዛ ዓይን ያደክማል።

«የአካውንትዎ ስምና ገንዘብ የሚያወጡበት የባንክ ሒሳብ ስም የአንድ ሰው አይደለም» ይላል ማስታወቂያው። «በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ካላስተካከሉ አካውንትዎ ይዘጋል።» ሦስቴ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ተናደድኩ። እውነታቸውን ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

አካውንቱን የከፈትኩት በሃያ ዓመቴ ነው። ቅጹ «ደንበኞች ማን ብለው ይጥሩዎት?» ሲለኝ «ፑቲ» ብዬ ጻፍኩ። ፑቲ ኩሬያችን ውስጥ የሚርመሰመስ ጣት የሚያህል ዓሣ ነው፤ ስወለድ ትንሽ ስለነበርኩ አባቴ ያወጣልኝ የቤት ስም። እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የሚጠራበት፣ ሌላው ወረቀት ላይ የሚተኛ። የእኔ የወረቀቱ ናዝኒን ኻቱን ነው። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ እንኳን ጓደኛዬ በክርኗ ካልጎሸመችኝ አቤት አልልም ነበር። ስለዚህ ስሜን ሲጠይቁኝ ስሜን ነገርኳቸው። ምን ላድርግ?

ገንዘቡ ደግሞ የሚገባው በዱላባይ ባንክ ነበር። ዱላባይ የምለው የእህቴን የቻምፓን ባል ነው፤ ሞታሌብ ይባላል፣ ገበያ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ድረ ገጹ ላይ ከተደረደሩት የክፍያ መንገዶች ግማሾቹ ለእኛ አገር አይሠሩም፣ ደብዝዘው ነው የሚታዩት። የሚሠራልን ባንክ ነው፤ ከቤተሰቡ ባንክ ቤት የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ድረ ገጹ ከመቶ ሃያ ይቆርጣል፣ ገንዘብ አስተላላፊው ድርጅት የራሱን ይቆርጣል፣ ከዚያ ዱላባይ የተረፈውን በጥሬው ይዞልኝ ሲመጣ «ባንኩ ደግሞ ከመቶ አሥራ አምስት ነከሰ፣ ሻሊ! ጥርሳም ባንክ!» ይለኛል። እስቃለሁ። በእኛ ወግ ሻሊ፣ ማለትም የሚስት ታናሽ እህት፣ ከእህቷ ባል ጋር ትቀላለዳለች፤ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ከዚያ ውጭ ያልተባባልነው የለም። በሠርጋቸው ቀን እንደ ወጉ ጫማውን ደብቄ አምስት መቶ ታካ አስከፍዬ ነው የመለስኩለት።

ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ደንበኛ፣ ሁሉም አምስት ኮከብ፤ አንዱ ብቻ አራት ሰጥቶኛል፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። አካውንቱ ከተዘጋ ኮከቦቹ አብረው ይጠፋሉ። ኮከብ የሌለውን ሰው ማንም አይቀጥርም።

ከሰዓት በኋላ ኩሬውን ዞሬ ቤታቸው ሄድኩ። ቻምፓ በረንዳው ላይ ከአሮጌ ሳሪ ብርድ ልብስ ትሰፋለች። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ገበያ ወስዶ ይሸጥላታል። ዱላባይ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፈንዲሻ ሩዝ በቃሪያ ይቆረጥማል። ማስታወቂያውን አሳየሁት።

«ይሄ ነው ያስጨነቀሽ?» አለ። «ዝጊውና በእኔ ስም አዲስ እንክፈት። ስሙም ባንኩም አንድ ይሆናል። ሥራው ያንቺ፣ ስሙ የእኔ።»

«ኮከቦቼስ?»

«ኮከብ ሰማይ ላይ ሞልቷል፣ ሻሊ።»

«እንግዲያው መሰላል ይግዙና ያውርዱልኝ። እኔ አካውንቴን አልዘጋም። ባንኩን ነው የምቀይረው፣ በራሴ ስም።»

እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። «አንቺ ባንክ ልትሄጂ? ወረቀት ያበዛሉ፣ ያመላልሱሻል። አዲስ ሰው ላይ ደግሞ የሚቆርጡት ይብሳል።»

«ይቁረጡኛ!»

ቻምፓ አንገቷን አላቀናችም፤ መርፌዋ ግን ቆማ ነበር።

በማግስቱ ከተማ ወረድኩ። የሄድኩት ዱላባይ ወደሚጠቀምበት ባንክ ነው፣ ሌላ አላውቅም። መነጽር ያደረገች ሠራተኛ ቅጽ ሰጠችኝ። እኔ ብሞት ገንዘቡን የሚወስደው ሰው ስም፣ ፎቶና መታወቂያ ይጠይቃል። አንድ ታካ እንኳን ሳላስገባ መሞቴን አሰቡልኝ። ተመልሼ ቻምፓን ወራሼ ሁኚልኝ አልኳት። ከሣጥኗ ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ አወጣችና ራቅ አድርጋ አነበበችው።

«ራሼዳ ኻቱን» አለች። «ይቺ ደግሞ ማናት?»

«አንቺ ነሻ፣ አፓ!» አልኳት ታላቅ እህቴን።

«ኧረ? ካገባሁ ወዲህ አላየኋትም።» ሳቅን። ፎቶዋንና የመታወቂያውን ቅጂ ይዤ ሄድኩ፣ የባንክ ደብተሩም በናዝኒን ኻቱን ስም ወጣ።

አሁን ፑቲና ናዝኒን አንድ ሰው መሆናቸውን ለድረ ገጹ ማስረዳት ነበረብኝ። ለዚህ የቀበሌው ምክር ቤት ደብዳቤ ይጽፋል፤ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ያስጽፈዋል። ፀሐፊው እያየኝ ብዕሩን ነከሰ።

«ፑቲንማ ማን የማያውቅ አለ! ናዝኒንን ነው የማላውቃት። ምስክር አለሽ?»

ሻይ ሻጩንና የመስጊዱን ሙአዚን ጠራሁ። ሙአዚኑ «ስትወለድ በጆሮዋ አዛን ያልኩት እኔ ነኝ» አለና ፈረመ። ማኅተም ተመታ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ከሦስት ቀን በኋላ መልስ መጣ፦ «ሰነዱን ማንበብ አልቻልንም።» በቤንጋልኛ ስለሆነ ነው። ከተማ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከሚቀመጥ ጠበቃ ዘንድ አስተርጉሜ እንደገና ላክሁ። አሁንም መልስ መጣ፦ «የሰነዱ ጠርዝ ተቆርጧል።» ሦስት ዓመት ሙሉ ጠርዝ ስቆርጥ ኖሬ የራሴን ወረቀት ጠርዝ መቁረጤ! ለብቻዬ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ። ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግቼ፣ አራቱም ማዕዘን ላይ አንዳንድ ጠጠር አስቀምጬ አነሳሁት።

ያን ጊዜ አሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ዱላባይ በየማታው እየመጣ «እህሳ፣ የናዝኒን ጉዳይ?» ይለኛል። «አሁንም ጊዜ አለ፣ በእኔ ስም እንክፈተው።» አንድ ማታ ደክሞኝ እሺ ልለው ከአፌ ደርሶ ነበር። ግን እነዚያን ሰንደሎች አንድ በአንድ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ተቀበሉት። አካውንቱ ላይ «ፑቲ» ጠፍቶ «ናዝኒን ኻቱን» ተተካ፤ ከሥሩ ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱም አሉ። ደንበኞቹ «ፑቲ ጎበዝ ናት» ብለው የጻፉት እንዳለ ነው። አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

ወዲያው ገንዘብ ወደ አዲሱ ደብተሬ እንዲላክ አዘዝኩ፣ ሐሙስ ገባ። ባንክ ሄጄ ባለመነጽሯን ስንት እንደቆረጡብኝ ጠየቅኳት።

«ሦስት መቶ ታካ» አለች።

«ከዚያስ ሌላ?»

«ሌላ የለም።»

«ከመቶ አሥራ አምስቱስ?»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «አሥራ አምስት? እንዲህ የሚቆርጥ ባንክ የት አለ፣ እህቴ? ለአዲስም ለነባርም ያው ሦስት መቶ ነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሦስት ዓመት ስንት እንደሆነ አልደመርኩትም፤ ብደምረው አፌን መግታት አልችልም ነበር። ያንገበገበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። መሳቄ ነው። በየወሩ እየሰረቀኝ በየወሩ አሳቀኝ።

ዓርብ ምሳ እነሱ ቤት ነበርን። ዱላባይ አካውንቴ ስለተረፈ ደስታችን ነው ብሎ ካቻጎላ ገዝቶ መጥቷል፣ የናቶርን ጣፋጭ፣ ሙሉ ኪሎ። እህቴ ፊት እንዴት እንደምናገር ሌሊቱን ሙሉ አስቤ ነበር፤ ዝም ብል ደግሞ ሕይወቴን ሙሉ ስስቅ ልኖር ነው።

«እህሳ፣ ባንኩ ስንት ነከሰሽ?» አለ ጣፋጩን እያቀረበልኝ።

«ሦስት መቶ ታካ።»

ሳህኑ በሁለታችን መሀል ቆመ።

«ዱላባይ፣ የእርስዎ ባንክ ማን ነበር የሚባለው? ስሙን ይንገሩኝ፣ ተሳስቼ እንዳልገባበት። የሄድኩበት ባንክማ ጥርስ የለውም፣ ድዱን ነው።»

«ሻሊ፣ እንግዲህ...» ሳቀ። ማንም አላገዘውም። «መንገዱስ? ወረፋውስ? ሱቄን ዘግቼ የምሄደውስ?»

«ቢጠይቁኝ እሰጥዎ ነበር፣ ደስ ብሎኝ። እርስዎ ግን ባንኩ ነው አሉኝ። በሠርግዎ ቀን አምስት መቶ ታካ ተቀብዬ ጫማዎን መልሻለሁ። እርስዎ ገንዘቡን ከነወለዱ አስመልሰው ጫማውንም ይዘው ቀሩ።» ሳህኑን ወደ እሱ ገፋሁት። «ከእንግዲህ ከእርስዎ ጋር እቀልዳለሁ። ገንዘቤ ግን ቀልድ ውስጥ አይገባም።»

ተነስቶ ወደ መስጊድ ሄደ። ሶላቱ ካለቀ ግማሽ ሰዓት ሆኖት ነበር።

ቻምፓ ተቀይማኛለች ብዬ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ባሏ ነው፣ ቤቷ ነው፤ ወጥቼ ስሄድ አብራው የምትቀረው እሷ ናት። ተነስታ ከግድግዳው ጥግ የተደራረቡትን ብርድ ልብሶች አየቻቸው። አራት ነበሩ፣ ያለቁ፣ ለገበያ የተዘጋጁ።

«ባለፈው ያንዱን ዋጋ ስምንት መቶ አለኝ» አለች ወደ እኔ ሳትዞር። «ገበያው ወድቋል አለኝ።»

ስምንት መቶ ታካ የክሩን ዋጋ እንኳን አይሸፍንም።

«ባንክ የሚከፍተው መቼ ነው?»

«እሁድ። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው።»

ሣጥኗን ሳበችና ያንን ፕላስቲክ አወጣች። መታወቂያዋን ሳሪዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

«እንግዲያው ፎቶሽን ይዘሽ ነይ፣ ፑቲ» አለች። «እኔ ብሞት የሚወስደው ሰው አንቺ ነሽ።»