ኮልም ካሸነፈ ፍራሹ በነጻ

የፈርገስ ቲርኒ የቤት ዕቃ መደብር ወደቡ ዳር ነበር። ዛሬ ስልክ መሸጫ ሆኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን አሁንም የአዲስ ፍራሽ ሽታ የሚሸተኝ ይመስለኛል።

አንድ በጋ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ኮልም ዴቫን ለትልቁ የጎልፍ ውድድር አለፈ። በምዕራብ አየርላንድ ካለችው ትንሽ ከተማችን እዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ፈርገስ ደስታው ቅጥ አጣና መስኮቱ ላይ በትልልቁ ጻፈ፦ «በዚህ ሳምንት ፍራሽ የገዛ፣ ኮልም ካሸነፈ ገንዘቡ ይመለስለታል!»

ሚስቱ ብሪጅ ራሷን ያዘች። «አንተ ሰውዬ፣ አበድክ? ምናለ ኮልም ካሸነፈ የሚከፍልልህ ኢንሹራንስ እንኳ ብትገባ!»

«የከተማችን ልጅ እንዳያሸንፍብኝ ዋስትና ልግባ? ሰው ምን ይለኛል!»

ከተማው ተጋፍቶ ገዛ። እኔና ባሌም የሰርጋችንን ፍራሽ ጥለን አዲስ ወሰድን። ፈርገስ «አይዟችሁ፣ ገንዘባችሁ ተመላሽ ነው!» እያለ ሲሸኘን፣ ብሪጅ ከኋላው ትገላምጠናለች።

እሑድ ዕለት ሁላችንም መደብሩ ውስጥ፣ ያልተሸጡት አልጋዎች ላይ ተደርድረን ቴሌቪዥን ከበብን። ኮልም የመጨረሻው ጉድጓድ ዘንድ ደረሰ። ያቺን ኳስ ካስገባ ዋንጫው የሱ ነው። መታት፤ ኳሷ የጉድጓዱን ጠርዝ ነክታ ወጣች። ደንግጦ ቀጣዩንም ሳተ። በአንድ ምት ተሸነፈ።

ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሃል ብሪጅ፣ «እሰይ! ተመስገን!» አለች።

ሁላችንም ዞረን አየናት። አፏን በሽርጧ ሸፈነች። ፈርገስ እንባው ግጥም ብሏል። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ እኮ እያለቀሰ ነው!»

ጎረቤታችን አሮጊቷ ኖራ ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ «ተዋት ፈርገስ፤ ከዚህ ሁሉ ባለ አዲስ ፍራሽ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደው እሷን ብቻ ነው» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈርገስም እንባውን እየጠረገ ሳቀ።

ኮልም በሳምንቱ ሲመለስ ከተማው በሙዚቃ ተቀበለው። ብሪጅ ግን አፍራ ጓዳ ገባች። እሱ ራሱ፣ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ ፈልጎ አገኛት።

«እትዬ ብሪጅ፣ ጸሎትዎ እንዴት ነው የሚሠራው ባክዎ? ለከርሞ ለኔ ይጸልዩልኝ!»

አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። «አንተ ብቻ ድረስ ልጄ፣ ሱቁ ገደል ይግባ!»

ኮልም ዳግመኛ ለዚያ ውድድር አልደረሰም። ፈርገስ ሲሞት ግን ሬሣ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ብሪጅ ክንዱን ይዛ ቀስ እያለች ትራመዳለች፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሁለቱም ሲስቁ ግን አየሁ።