ክንዱ የማይወርድ አስታማሚ

ነርስ ንጋትወርቅን ባለፈው ወር አዋሽ ከተማ፣ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ አንድ አስታማሚ በጥፊ መትቷት ነበር። አለቆቿ አዘኑላትና ራስን ከጥቃት ስለመጠበቅ እንድትሠለጥን ሠመራ ላኳት። አሠልጣኙም መከሯት፦ ሰው ሲቆጣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቂ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ሥራ እንደተመለሰች ትግሉ መጣ። የገላፊ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቁመቱ በበሩ ጎንበስ አድርጎ የሚያስገባው። ትውከትና ተቅማጥ ያዛለውን ታላቅ ወንድሙን ተሸክሞ ገብቶ አልጋው ላይ አስተኛው።

«አሁኑኑ ካልታከመ ይሄን ቤት አፈርሰዋለሁ» አለ።

ንጋትወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይዞህ፣ አሁን እናየዋለን» አለችው።

«ምን ታንሾካሹኪያለሽ? ሊሞት ነው እንዴ?»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀች። ክፍሉ ግን ጠባብ ነበርና በሁለተኛው እርምጃ ራሷን ኮሪደር ላይ አገኘችው። ትግሉ ጥላው የሄደች መሰለውና አልጋው አጠገብ የነበረውን በርጩማ አነሳ። ዘበኛው መሀመድአሚን፣ «ያ አላህ፣ ፖሊስ ልጥራ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

 ንጋትወርቅ ግን በሽተኛው ሲያቃስት ስትሰማ ተመልሳ ገባችና የግሉኮሱን መርፌ ክንዱ ላይ ሰካች። የግሉኮሱ መስቀያ ለጥገና ተወስዷል። ዞር ብላ ትግሉን አየችው።

«በርጩማውን አስቀምጥና ይሄን ያዝልኝ። ከራስህ በላይ። ክንድህ ከወረደ የወንድምህ ደም ወደ ላስቲኩ ይመለሳል።»

ትግሉ በርጩማውን አስቀመጠ። ግሉኮሱን ወደ ላይ አንስቶ ትንፋሹን እንኳ እየቆጠበ ቆመ።

ከደቂቃዎች በኋላ፣ «እህቴ፣ እጅ መቀየር ይፈቀዳል?» አለ።

«ቀስ ብለህ።»

ወዲያው ሌላ አስታማሚ፣ «ተራችን መቼ ነው የሚደርሰው?» እያለ በሩን በቡጢ ደበደበ። ትግሉ ከአንገቱ ብቻ ዞረ።

«ወንድም፣ ቀስ ብለህ ተናገር። እሷን ካስደነገጥክ መርፌው ይነቀልብኛል። ያኔ የምንጣላው እኔና አንተ ነን።»

ሰውየው ወደ ካርድ ሰልፉ ተመለሰ። ንጋትወርቅም ከዚያ በኋላ ተራ የደረሳቸውን በሽተኞች በሩን በፍርሃት ሳታይ አከመች።

ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ወንድምየው ዓይኑን ገለጠና ትግሉን ትክ ብሎ አየው።

«አንተ፣ ማን ማርኮህ ነው እጅህን ያነሳኸው?»

ንጋትወርቅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ትግሉም አፍሮ ሳቀ። «እህቴ፣ ቅድም ላደረግሁት ይቅርታ። ግን ክንዴ አልወርድም ብሏል፤ ታይልኛለሽ?»

«አያለሁ። መጀመሪያ ካርድ አውጣ።»

ትግሉ አንድ ክንዱን እንዳነሳ ወጥቶ፣ በሩን ከደበደበው ሰውዬ ኋላ ተሰለፈ።