ያየህ ያስቆመው ሰርግ

ያየህ የጭነት መኪናው ላይ እንዴት እንደወጣ ኋላ ሲጠይቁት ማስረዳት አልቻለም። ብቻ ልብ ሲል የወረታ ገበያተኛ በሙሉ ከእግሩ ሥር ነው፤ በቀኝ እጁ ደግሞ ካባ የለበሰ ሰውዬን ደረቱ ላይ ጨምድዶ ይዟል።

"ይህ ጋብቻ አይሆንም!" ብሎ ጮኸ። "ልጅቱ ተቆርቋሪ የላትም ብለሃል? እኔ አለሁ!"

ካባ የለበሰው ሰው አዛናው ይባላል። ከጎንደር በመጣው የቴያትር ቡድን ውስጥ የክፉ አባት ቦታ ሁልጊዜ የእሱ ነው። በየከተማው ተሰድቧል፣ አንድ ቦታም ሎሚ ተወርውሮበታል፤ ደረቱን ያነቀው ሰው ግን እስከዛሬ አልገጠመውም።

"ጋሼ፣ ይውረዱ" አለ በሹክሹክታ፣ ለሕዝቡ የተቆጣ ፊት እንዳሳየ። "ጨዋታ እኮ ነው።"

"ጨዋታ? ልጅቱ እንዲህ እየተንሰቀሰቀች?"

"ሽንኩርት ነው። መሐረቧን ያሽትቱት።"

ያየህ መሐረቡን አላሸተተም። ሽንኩርትም ቢሆን የሚያስለቅሳት ሰው አለ ማለት ነው ብሎ ይበልጥ አጥብቆ ያዘው።

ወሩ ጥር ነበር፣ 1957 ዓ.ም.። የፎገራ ውሃ ሸሽቶ፣ ሜዳው ደርቆ፣ በየመንደሩ ሰርግ የሚደገስበት ጊዜ ነው። ቡድኑ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያይበት ዳር መኪናውን አቁሞ የጎኑን ሳንቃ አወረደና ቀይ መጋረጃ ሰቀለ። አኮርዲዮንም፣ ማሲንቆም፣ ከበሮም ይዘዋል። ሰዉ መጀመሪያ አዝማሪ የመጣ መስሎት ነበር። ግን አዝማሪ ያወድሳል፣ ይነካካል፣ ጉርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል። እነዚህ እርስ በርሳቸው ነው የሚዘፍኑት። ልጅቱ ስትጨርስ ዋሽንት ነፊው ጎረምሳ ይመልስላታል፤ እሱ ሲጨርስ አባትዬው ይቀበላል። ልመናውም፣ እርግማኑም፣ "እንደምን አደራችሁ" የሚለው እንኳ በዜማ ነው።

"ቢያወሩት ኖሮ የጎረቤት ጭቅጭቅ ነበር" አለች ጠላ ሻጯ ጥሩብርሃን፣ ጋኗን ያለ ጠባቂ ትታ። "ሲዘፍኑት ግን የኔው ሆነ። ምን እንዳደረጉኝ እንጃ።"

ያየህንም ያገኘው እንዲያ ያለ ነገር ነው። ሽንብራውን ሸጦ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ቆም አለ። በመጀመሪያው ዘፈን ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። በሁለተኛው ላይ አፉን ከፈተ። ጺሙን ጥላሸት የተቀባ ሀብታም ሽማግሌ ልጅቱን ሊያገባ መጣ። አዛናውም ካባውን ገልበጥ አድርጎ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣

ምን ያደርግልኛል ዋሽንት የሚነፋ፣
ልጄን የምሰጠው በረቱ ለሰፋ

ሲል ያየህ ከዚያ በላይ መቻል አቃተው። ክፉ ነገር እንዲህ ባማረ ድምፅ መባሉ ነው ይበልጥ ያናደደው።

አሁን ከመኪናው ላይ ሁሉም ተደናግጦ ቆሟል። አኮርዲዮኑ ትንፋሹ አልቆ ሲጢጥ አለ። ያኔ ሙሽራዋን የምትጫወተው ደብረወርቅ መሐረቧን ወዲያ ጥላ፣ ያየህ ጉልበት ላይ ወድቃ ተቀኘች፤

የወለደኝ አባት ለሽበት ዳረገኝ፣
ያልወለደኝ አባት በድንገት ታደገኝ!

ማሲንቆው ቀድሞ ነቃ፤ ከበሮው ተከተለው። ገበያው በእልልታ ተናወጠ። ያየህም የልጅቱን እጅ ከዋሽንት ነፊው እጅ ጋር አገናኝቶ "ውለዱ፣ ክበዱ" ብሎ መረቀ። ባለጥላሸቱ ሽማግሌ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ከመኪናው ዘሎ ወረደና ሸሸ፤ ልጆች ተከትለው አባረሩት። ቡድኑ ጨዋታውን እዚያው ላይ ከመዝጋት ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ያየህ ወደ ቤቱ የተመለሰው እንደ ድል አድራጊ ነው። በመንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ እጁን ይጨብጠዋል። ገበያ አብረውት የዋሉት ሚስቱ ትሁንና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጁ ታይቱ ግን ሳይጠብቁት ከፊት ከፊቱ ይሄዳሉ።

"አያችሁልኝ?" አለ።

"አየን" አለች ትሁን ዞር ሳትል። "የሰው ልጅ አዳንህ።"

"እህ?"

"እህ ምን? ነገ አቶ በላቸው የሰርግ ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ።"

አቶ በላቸው ሚስታቸው የሞተችባቸው ባለጸጋ ናቸው። ላሞቻቸው ሲሰማሩ ሜዳው ይጠባል፤ የልጅ ልጃቸው ከታይቱ ጋር አብራ ውሃ የቀዳች ናት። ታይቱን ለእሳቸው ሊጠይቁ የመጡትን አማላጆች ያየህ እሺ ብሎ ከመለሰ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

"እሱ ሌላ ነው" አለ ያየህ። "ያኛው ጺሙን ጥላሸት የተቀባ አታላይ ነው።"

"የአቶ በላቸው አልተቀባም" አለች ትሁን። "በግልጽ ሽበት ነው።"

ታይቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከኋላ ለሚከተል ሰው አይለይም። ያየህ የቀረውን መንገድ አንገቱን ደፍቶ ጨረሰው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አቶ በላቸው ብቻቸውን መጡ። ገና ከደጅ ሲገቡ የሚያጉረመርሙት የትናንቱን ዜማ ነው።

"አንተ ያየህ!" አሉ መደቡ ላይ ሳይቀመጡ አቅፈው እየሳሙት። "ምን ዓይነት ወንድ ነህ! እኔ እዚያው ከእህል ተራው በኩል ነበርኩ። 'ያዘው! እንዳትለቀው!' ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አልሰማኸኝም?"

"አንቱም አይተዋል?" አለ ያየህ።

"ማየት ብቻ? አለቀስኩ እንጂ። በባለቤቴ ሞት ጊዜ እንኳ ሰው ፊት አላለቀስኩም። ያቺ ልጅ 'ዋሽንቱን ብሰማ' ስትል አንጀቴን በላችው። ያ የማያፍር ሽማግሌ! በዚያ ዕድሜው!"

ትሁን ጠላ ለመቅዳት ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

"እና ሳስበው አደርኩ" አሉ በላቸው ተቀምጠው። "ሰርጋችን ላይ አዝማሪ ሳይሆን እነሱኑ እናስመጣለን። ያንኑ ጨዋታ ይጫወቱልን።"

"ያንኑ?"

"ያንኑ። በተለይ ሽማግሌው የሚባረርበትን።"

ከጓዳ በኩል መጀመሪያ መታነቅ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የታይቱ ሳቅ ፈነዳ። ሊያቆሙት የማይችሉት፣ ሆድ የሚያሳምም ሳቅ። በላቸው ምን እንዳሳቃት ስላልገባቸው አብረው ፈገግ አሉ። ያየህ ግን አልሳቀም። ትናንት ከመኪናው ላይ ያልነበረ አንድ ፍርሃት ዛሬ በገዛ ቤቱ ያዘው። እዚያ ላይ ከሰው ካባ ጋር ነበር የታገለው፤ እዚህ የሚያንቀው ደረት የራሱ ነው።

"ታይቱ" አለ በመጨረሻ። "ነይ እዚህ ተቀመጪ።"

ልጅቱ ወጥታ ቆመች። ሰው በተሰበሰበበት መደብ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ያየህ ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ሰጣት።

"አቶ በላቸው ቀን ሊቆርጡ መጥተዋል። እኔ እሺ ያልኩት አንቺን ሳልጠይቅ ነው። አሁን ጠይቄሻለሁ።"

ታይቱ እጇን እያፍተለተለች መሬቱን አየች። "አቶ በላቸው" አለች፣ "እኔ አንቱን እንደ አባት ነው የማከብርዎ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤትዎ ገብቼ እርጎ ጠጥቻለሁ። እንደ ልጅዎ ይዩኝና ይተዉኝ።"

በላቸው ትሁን የቀዳችላቸውን ዋንጫ ወደ አፋቸው ሊወስዱ አልቻሉም፤ ሊያስቀምጡትም አልቻሉም። ታይቱን አዩ፤ ትሁንን አዩ፤ በመጨረሻ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጺማቸው ሄደ።

"ያየህ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሽማግሌው... እኔ ነኝ እንዴ?"

ያየህ የሚያጽናና ነገር ፈለገ። ያገኘው አንድ ብቻ ነው።

"አባትዬውም እኔ ነኝ" አለ።

የበላቸው ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ቁጣ ነው ብላ ትሁን ደነገጠች። ሳቅ ነበር። ዓይናቸው ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ፤ ያየህ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ዋንጫቸውን ጨለጡና አስቀመጡ።

"ለሰው ምን እላለሁ?" አሉ።

"እኔ ቃሌን እንዳጠፍኩ ይንገሩ። ስድቡን ለኔ ይተዉት፤ እንዴት እንደሚቻል መሰደብ የለመደውን ባለካባ ከጎንደር አስመጥቼ እጠይቃለሁ።"

"ለነገሩ የጨዋታው መጨረሻ ምን ነበር?" አሉ በላቸው ሊወጡ ሲነሱ። "አንተ ባታቆመው ኖሮ ማለቴ ነው። እኔ ሽማግሌው የሚጸጸት ይመስለኛል።"

"የለም፣ ልጅቱ ናት የምትሞት" አለች ትሁን። "ዜማው ወደዚያ ነበር የሚሄደው።"

"ይጠፋሉ እንጂ!" አለች ታይቱ። "ከዋሽንት ነፊው ጋር ወደ ጣራ ገዳም ጫካ ነው የሚጠፉት።"

ወረታ ሙሉ ከትናንት ጀምሮ በዚሁ ይከራከር ነበር። ቡድኑ ደግሞ በማግስቱ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ እንደሚጫወት ጥሩብርሃን ለመንደሩ ሁሉ አዳርሳለች።

በላቸው ከሄዱ በኋላ ያየህ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሜዳውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረ።

"ነገ አዲስ ዘመን ሂዱ" አለ። "አንቺም፣ ታይቱም።"

"አንተሳ?" አለች ትሁን።

"እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ከመኪና አጠገብ ራሴን አላምነውም።"

"ላሞቹስ? ማነው የሚያልባቸው?"

"እኔ አልባቸዋለሁ።"

ትሁን ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከተጋቡ ጀምሮ እሱ ቤት ቀርቶ እሷ ለጨዋታ ወጥታ አታውቅም። ለጎረቤት ብትናገር የሚያምናት የለም። ስንቅ ልትቋጥር ስትነሳ ከኋላዋ ጠራት።

"አንድ ነገር ብቻ። መጨረሻውን አይታችሁ ስትመለሱ እንዳትነግሩኝ።"

"ለምን?"

ያየህ አፍሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዝፈኑልኝ" አለ።